ከዝርዝሩ ያልገባ ወረንጦ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የክሊኒኩን ዕቃ አንድ በአንድ ሲረከበኝ ዋለ። መቀስ፣ ሁለት። የመርፌ መቀቀያ፣ አንድ። የቁስል ሳህን፣ አራት፣ አንዱ የተሸረፈ። ሰውዬው ጥንቁቅ ነው፤ እያንዳንዱን አንሥቶ ያያል፣ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፣ ምልክት ያደርጋል። የመጨረሻው መሳቢያ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት የሚሆን፣ ጥቁር፣ ረጅም የብረት ወረንጦ አወጣ።

«ጋሼ ይርጋ፣ ይሄ ከየት መጣ? ከዝርዝሩ የለም እኮ።»

«የራሴ ነው።»

«የራስዎ ከሆነማ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ሥራ ይሠራል» አልሁት።

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ እጄ ላይ አኖረው። ቤት ስደርስ ባለቤቴ የያዝሁትን አይታ «ይህን ሁሉ ዘመን አገልግለህ የሸለሙህ የእሾህ ማውጫ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ማታውን ግን ሳስበው ከዚያ ወረንጦ በቀር ከሥራ ዘመኔ ይዤ የምወጣው ነገር እንደሌለ ገባኝና ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

የሠራሁበትን ቦታ ሁሉ ልቁጠር ብል አንባቢውን አሰለቸዋለሁ። አማኑኤል ከተማ ክሊኒክ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ አለቃዬ ደም ሲያይ የሚያዞረው ሰው ስለነበረ ቁስል ሲመጣ «ይርጋ፣ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ» ብሎ ይወጣል። ደብዳቤው ግን አንድም ቀን ተጽፎ አላየሁም። ቁይ በምትባል ከተማ ደግሞ የመንደር አዋላጆችን እሰበስብና ጥፍር ቁረጡ፣ እጅ ታጠቡ እያልሁ እጨቀጭቃቸው ነበር። አንዷ አሮጊት «አንተ ልጅ፣ አንተንስ ያዋለደችህ ጥፍሯን ቆርጣ ነው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ደመወዙ ከወር ወር ያደርስ ነበር ብል ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረው ግን፣ ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን የሆነው ነገር፣ ከሌላው ጋር ተደባልቆ የሚነገር አይደለም።

ሙያውን ያስተማረችኝ እመት ሩት ናት። ጣልያን ከመግባቱ በፊት ከባሕር ማዶ የመጣች የሚሲዮን ነርስ ነበረች። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚያወጣው መንገድ፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ አንድ የሣር ክዳን ቤት በግድግዳ ሦስት ክፍል አድርጋ ሐኪም ቤት አደረገችው። እኔ ያን ጊዜ ዜማ ጀምሬ ድምፄ እምቢ ያለኝ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበርሁ። አማርኛ እንዳስተምራት ተቀጠርሁ፤ ሦስት ወር ሳይሞላኝ ቁስል ሳጥብ ተገኘሁ። መንደርተኛው «የእገሊት ልጅ ጸረ ማርያም ሆነ» ብሎ አወራብኝ። እናቴ ደግሞ ደመወዜንም ሃይማኖቴንም ማጣት ስላልፈለገች «ቁስሉን እጠብላት፣ ስብከቷ ላይ ስትደርስ ግን ጆሮህን ድፈን» አለችኝ። እመት ሩት ጧት ጧት በር ላይ ለተሰበሰበው በሽተኛ ወንጌል ታነብ ነበር፤ ንባቧ ላይ እኔ ከኋላ ሆኜ ስሕተቷን ስለማርም ጆሮዬን መድፈን አልተቻለኝም። ለማንም ግን «እንዲህ ካላመንህ አላክምህም» ስትል አልሰማሁም። እኔም በተጠመቅሁበት ኖርሁ።

ከልማዶቿ ሁለቱ እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጡም። አንደኛው እጅ መታጠብ ነው። የእጅ ሰዓቷ ደጋውን አልወደደውም መሰለኝ በመጣች በዓመቷ ቆመ። ስለዚህ የምትታጠበው በጸሎት ነበር፤ እስከ ክርኗ በሳሙና እያሸች አባታችን ሆይ ሁለት ጊዜ ትደግማለች፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትውጥ። ሁለተኛው አሜን ሳይባል ከውሃው እጅ ማውጣት የለም። እኔ ችኩል ስለነበርሁ ስደግመው እየዘለልሁ ካገኘችኝ «ይርጋ፣ የዕለት እንጀራችንን ረሳኸው» ብላ እንደ ገና ታስጀምረኛለች።

ሌላው ዓይን ነው። በሽተኛ ሲገባ ስሙን ሳትጠይቅ በፊት ፊቱን ወደ ብርሃን ታዞርና በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይን ቆብ ጎተት ታደርጋለች። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ካለ ጉበቱን ትዳስሳለች። የቆቡ ውስጥ ቀይ ከሆነ ወደ ሌላው ነገር ታልፋለች፤ ነጥቶ ካገኘችው ግን ደሙ የት እንደ ሄደ ሳታውቅ ሰውዬውን አትለቀውም።

«ሰው ያፍራል» ትለኝ ነበር። «በተለይ ሴት ለወንድ ሐኪም ሁሉን አትናገርም። አትጠብቅ። አንተ መጀመሪያ ዓይን እይ፣ ከዚያ በኋላ ጠይቅ።»

በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ በቅሎ ጭነን ወደ ገደል አፍ እንወጣለን። ገደል አፍ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ሰው ሁሉ ከሰፈረበት ተለይቶ የተቀመጠ የቀጥቃጮችና የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። ሃያ ቤት አይሞላም። አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ወደዚያ የሚሄድ አልነበረም። የአገሬ ሰው ማረሻውንና ማጭዱን ከነሱ ይገዛል፣ ድስቱን ከነሱ ይገዛል፣ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላትን የእሾህ ወረንጦ ሳይቀር እነሱ ይሠሩለታል። ቤታቸው ግን አይገባም፣ ማዕዳቸውን አይቀምስም፣ ከሁሉም በላይ ዓይን ለዓይን አይተያያቸውም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ይህን ከማን እንደ ሰማሁት መናገር አልችልም፤ ከጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። እነሱም እንደኛው የተጠመቁ፣ እንደኛው የሚጾሙ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ማወቄ ግን አንገቴን ቀና አላደረገውም።

እመት ሩት የምታርፈው ቀጥቃጩ ተገኘ ቤት ነው። ከኔ በአሥራ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጥ፣ ደረተ ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። እሷ «አያ ተገኘ» ትለዋለች፤ እኔ «ተገኘ፣ ውሃ አምጣ» እለዋለሁ። ሚስቱ የሻረግ ሸክላ ትሠራለች፤ የገብስ ቂጣ ጋግራ ስታቀርብ እመት ሩት ከአጠገቧ ቁጭ ብላ ትበላለች። እኔ ስንቄን ከውጭ፣ ከበቅሎዎቹ ዘንድ ሆኜ እበላለሁ። በሥራም ጊዜ ዓይን የምታየው እሷ ናት፤ እኔ ሳህን እይዛለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ።

አንድ ሐሙስ ይህ ነገር ገባት።

«ይርጋ፣ ከሐኪም ቤታችን ሲሆን የሰው ዓይን ታያለህ። እዚህ ስንመጣ የምታየው እግር ብቻ ነው። ለምን?»

«ቁስሉ እግር ላይ ስለሆነ ነው እመት» አልሁ።

አልሳቀችም። አውራ ጣቴን ይዛ ወስዳ ከተገኘ የዓይን ቆብ ላይ አኖረችው። ሰውዬው እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ተቀመጠልኝ። ጎተት አደረግሁት፤ ምን ቀለም እንደ ነበረው ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም፣ እኔ የማየው የጆሮውን ጫፍ ነበር። ከዚያ ድምፅ ከሚሰማበት፣ ከቤቱ ሥር ካለው ወንዝ ወርጄ ጸሎቱን እየደገምሁ ታጠብሁ። ስመለስ እመት ሩት ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ ቀና ሳትል፣ «ዛሬ አራት አባታችን ሆይ ሆነ» አለችኝ። ቆጥራብኛለች። ተገኘም ወናፉን እየነፋ ከዚያው ነበር። ፊቴ በርበሬ የመሰለው ያን ጊዜ ነው፤ ሰውዬውም መቁጠሩን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ የውጭ አገር ሚሲዮኖች ሁሉ በሳምንት ውስጥ እንዲወጡ ታዘዘ። እመት ሩት ሳጥኗን አስታቅፋኝ በዝርዝር አሳየችኝ፤ አጭርና ረጅም መቆንጠጫ፣ መቀስ፣ ሁለት መርፌ፣ ኪኒን፣ የሚያስቀምጥ ጨው፣ ከጥጥ ተጠቅልላ የተቀመጠች አንዲት ጥቁር ጠርሙስ። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የወለደች ሴት ደም አልቆም ሲል የሚሰጥ ጠብታ ነው። «ከወርቅ አብልጠህ ያዛት፣ ሌላ አታገኝም» አለችኝ።

ስንሰነባበት ያለችኝ አንድ ነገር ነው። «ሌላው ቦታ ሌላ ሰው ይሄድለታል። ገደል አፍ የሚሄድ ግን የለም። ገደል አፍን አደራ።»

«ማርያምን! አልተውም» ብዬ ማልሁላት። ጸረ ማርያም የተባለችው ሴትዮ እያለቀሰች ሳቀችልኝ። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም።

ጣልያን መንገዱ ላይ ባቆመው ኬላ የነበሩት ወታደሮች ሳጥኑን ፈትሸው ረጅሙን መቆንጠጫና ግማሹን መድኃኒት ወሰዱብኝ። ጠርሙሷን አልነኳትም። የሐሙስና የገበያ ቀን መተላለፊያ ወረቀት ሰጡኝ። ጮቄ አርበኛ ስለገባበት መንገዱ የሁለት ወገን ሥጋት ነበር። ወደ ላይ ስወጣ ለጣልያን ወሬ ያቀብላል ይሉኛል፣ ወደ ታች ስወርድ ለአርበኛ መድኃኒት ያቀብላል ይሉኛል። እንዲያም ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ ወጣሁ። መሐላዬን እየጠበቅሁ ነው ብዬ በራሴ ደስ ይለኝ ነበር።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ዝናብ እየደበደበኝ ገደል አፍ ስደርስ ተገኘ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የሻረግ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ሴት ልጅ። እናቲቱ ግን አልጠናችም።

ገባሁ። ከመደቡ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከእሳቱ ማዶ ጥሩነሽ የሚሏት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ሕፃኗን ይዛለች። የሻረግን ምን ያምሻል አልኋት፤ ራሴን፣ ድካም ነው፣ ስነሣ ልቤ ይመታል አለች። ትኩሳት ነገር አላት። የእጇን አንጓ ይዤ የደም ሥሯን ቆጠርሁ፤ ይሮጣል። በዚያ ክረምት አገሩን ሁሉ ግርሻ የሚሉት እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት ይዞት ነበር፣ በየቤቱ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ይህም ያው ነው ብዬ ቆረጥሁ።

ሳጥኔን ስከፍት የሻረግ ፊቷን ወደ እኔ አነሣች።

«ጌታው፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል» አለችኝ።

ይህን አልሰማሁም ብዬ መጻፍ ብችል ደስ ባለኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር፣ እጄም ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም። እኔ የያዝሁትን የእጇን አንጓ አየሁ። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ዓይኔን ያሳረፍሁት እዚያ ነው። «ከድካሙ ነው፣ ይለቅሻል» ብዬ ኪኒንና የሚያስቀምጠውን ጨው ሰጠኋት። ተገኘ ሌላም ነገር የሚጠብቅ ይመስል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ወንዙ ጋ ወርጄ፣ ታጥቤ፣ ዝናቡ ሳይብስ ተመለስሁ።

በሳምንቱ ረቡዕ ሮብ ገበያ ለጥጥ ወጣሁ። ከገበያው ዳር፣ እንደ ወትሮው ከሌላው ነጋዴ ተለይተው፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ተቀምጠዋል። እማማ ጥሩነሽ ከነሱ መካከል ነበረች።

«የሻረግን ቀበርናት» አለችኝ። «እርስዎ ከሄዱ በሦስተኛው ቀን።»

«ግርሻው ጠናባት?»

«የምን ግርሻ፣ ጌታው! ከወለደች ጀምሮ ደሟ አልቆመም። ለወንድ እንዴት ትንገር? እኔስ እንዴት ልንገር? ሐኪም ነው፣ ያውቃል ብለን ነው እንጂ።» የያዘችውን እንስራ ቀስ ብላ ከሣሩ ላይ አኖረችው። «ዓይኗ እኮ ብራና መስሎ ነበር።»

ጥጡን ሳልገዛ ተመለስሁ። ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትሁት። ጠርሙሷ ከጥጧ ውስጥ እንደ ተጠቀለለች፣ እስከ አፏ ሙሉ ነበረች። የሻረግ ፊት ለፊት በተቀመጥሁ ጊዜም እዚያው፣ ከጉልበቴ አጠገብ ነበረች። ጨው ደግሞ ደሟ ያለቀባትን ሴት የባሰ እንደሚያደክማት የማውቅ ሰው ነኝ። ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ያለቀስሁት ግን ለሷ ብቻ አልነበረም፣ ለራሴም ነበር። ተገኘ ፊት እንዴት እቆማለሁ የሚለው ነው ይበልጥ የቆረጠኝ። ለቅሶ እንኳ አልደረስሁም።

ከዚያ ወዲህ ገደል አፍ መሄድ ተውሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ መንገዱ ተዘግቷል እል ነበር። በርግጥም አንዳንዴ ይዘጋል። አብዛኛውን ሐሙስ ግን መንገዱ ክፍት ነበር፤ የማልሁትን ትቼ፣ ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ እንደያዝሁ፣ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ እውላለሁ። እንዲህ ሆኜ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀር፣ አንድ ሐሙስ ጧት፣ እማማ ጥሩነሽ ማሰሮ አዝላ ከበሬ ቆመች።

«ሰው ተጎድቷል። ተገኘ ዘንድ ነው ያለ። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም ብለሽ ጠይቂ ብሎኛል ተገኘ።»

«እሱ ነው የላከሽ?»

«እሱ ነው እንጂ ማን ይልካል?»

ሳጥኔን አነሣሁ። ድፍረት አልነበረም። አሮጊቷ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ መጥታ እምቢ የምልበት አፍ ስላጣሁ ነው።

ተገኘ ከወናፉ አጠገብ፣ የከሰሉ ክምር ጀርባ፣ አንድ ጢማም አርበኛ አስተኝቷል። ስሙን አልጠየቅሁም፤ ያን ጊዜ ስም አይጠየቅም። ጓደኞቹ ሁለት ሆነው ከነጠመንጃቸው ከደጅ ተቀምጠዋል። ጥይቱ ጭኑ ውስጥ ከቀረ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ቁስሉ መግል ይዟል። ተንበርክኬ ከሁሉ በፊት የዓይኑን ቆብ ጎተት አድርጌ አየሁ። ነጣ ብሏል፣ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ቀና ስል ተገኘ አውራ ጣቴን ትኩር ብሎ ያየዋል።

ቁስሉን በአረቄ አጠብሁና ጣቴን ሰደድሁ። ጥይቱን ጫፉን ነካሁት፤ ጥልቅ ነው። አጭሩ መቆንጠጫ አይደርስም። ረጅሙ ከጣልያን ኬላ ቀርቷል።

«ምን ጠፋ?» አለ ተገኘ።

በከሰል መሬት ላይ ሣልሁለት። እጄን ዘርግቼ ርዝመቱን፣ በጣቶቼ ደግሞ አያያዙን አሳየሁት። ጥያቄ አላበዛም። ከዕቃው መካከል የጎራዴ ስባሪ መርጦ እሳት ውስጥ ከተተና ወናፉን ጀመረ። ሲቀጠቅጥ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው ብል ማን ያምነኛል? ስንት ዓመት የተመላለስሁበት ቤት! መዶሻውን የሚያነሣው በኃይል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብረቱ ሲቀላ፣ ከዚያ ሲጠቁር፣ ቀለሙን አይቶ ነው የሚመታውና የሚተወው። እሱም መጀመሪያ የሚያየው ቀለም ነው። አጠፈው፣ ሁለቱን እግሮች አስተካከለ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ እንደ ገና ለስላሳ እሳት አስነካው። ከዚያ አመድ ላይ አንዲት የገብስ ፍሬ ጥሎ አነሣት። እንዳትሰበርም፣ እንዳታመልጥም አድርጎ።

«ገብስ ደረቅ ነው። ጥይቱ ግን ደም የነካው ነው፣ ያዳልጣል» አልሁት።

«እንግዲያስ ጥርስ ይሻል» ብሎ በሞረድ ጫፎቹን ውስጥ ለውስጥ ተለተለው።

በየሻረግ ድስት ውሃ አፍልተን ቀቀልነው። ሁለት አባታችን ሆይ ታጠብሁ። ተገኘ የሰውዬውን ጭን በሁለት እጁ ጠፍሮ ያዘልኝ፤ እኔና እሱ ግንባር ለግንባር ነን። በመጀመሪያው ወረንጦው ብረቱን ነክቶ አመለጠኝ። ሰውዬው በገመድ የተጠቀለለ ጨርቅ ነክሶ ያጉረመርማል። በሁለተኛው ጥርሱ ያዘ። ቀስ ብዬ፣ ሳላዞር፣ እመት ሩት እንዳሳየችኝ በገባበት መንገድ አወጣሁት። ተገኘ ጥይቱን ተቀብሎ በመዳፉ አገላበጠውና ለጓደኞቹ ወደ ደጅ ወረወረላቸው።

ቁስሉን አሽጌ ስጨርስ ሰውዬው አንቀላፋ። እኔና ተገኘ ብቻ ቀረን። መዶሻውን ከቦታው መለሰ፣ ከሰሉን ሰበሰበ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ተናገረ።

«ጌታው፣ የሰውዬውን ዓይን ገልጠው አዩት። ቁስሉ ጭኑ ላይ ነው። ዓይኑ ውስጥ ምን ሊያገኙ ነው?»

አሁን ምን እንደ መጣ ገባኝ። መዋሸት እችል ነበር። ሐኪም የሚለው ሁሉ ይታመናል፤ «ልማድ ነው» ብል ያበቃ ነበር። ከደጅ ሁለት ጠመንጃ አለ፤ ሚስቱን የገደለበትን ሰው ለነሱ ቢያመለክት የሚጠይቀው የለም። ይህን ሁሉ አሰብሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከጠመንጃው ይልቅ የፈራሁት የሰውዬውን ፊት ነው።

«ደሙ ማለቅ አለማለቁን ነው የማየው» አልሁ። «ሲያልቅ የቆቡ ውስጥ ይነጣል።»

ዞረ።

«የየሻረግን ግን አላየኸውም።»

አንቱታውን ተወ። ይህን ያህል ዘመን ስንተዋወቅ አንተ ብሎኝ አያውቅም።

«አላየሁም።»

«ብታየው?»

«አውቅ ነበር። የሚያቆም ጠብታ ነበረኝ፣ ሳጥኔ ውስጥ ነበር፣ አሁንም አለ። ትድን ነበር ብዬ አልምልልህም። ግን ልትድን ትችል ነበር። ያላየሁት ዓይኗን ስለፈራሁ ነው። በሽታ አሳስቶኝ አይደለም። የናንተን ዓይን ስለምፈራ ነው።»

አንገቴን ደፍቼ ነበር፣ ከልማድም ከኀፍረትም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አጠገብህ ቆሜ ነበር እኮ። አሁን ያየዋል፣ አሁን ያየዋል እያልሁ ስጠብቅ ነበር። እመት ሩት ብትሆን ታየው ነበር አልሁ በልቤ። አንተ ግን ታጥበህ ሄድህ። አራት አባታችን ሆይ ታጥበህ።»

ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ጓደኞቹን ሊያነጋግር ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ለመሸሽ አልተነሣሁም። ሲመለስ ግን ብቻውን አልነበረም። ዓመት ሊሞላት የቀረበች ሴት ልጅ በክንዱ ታቅፏል። መጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጣት፤ ፊቷን ከበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዞረ።

«በል፣ የዚችን እይ።»

ልጅቷ ጢሜን ያዘች። አውራ ጣቴን ከዓይኗ ሥር አኖርሁና ቀጥ ብዬ አየኋት። የእናቷን ዓይን አይቼው ስለማላውቅ ትመስላታለች አልልም። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ያልፈራ ዓይን ነው። ቆቡን ጎተት አደረግሁት።

ቀይ ነበር። ሌላውንም ሳብሁት። ቀይ ነው።

«ደህና ናት» አልሁ። «ደህና ናት፣ አያ ተገኘ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እሱም ያየኛል።

ልጁን ከጉልበቴ አነሣ። ወረንጦውን በጨርቅ ጠርጎ ሳጥኔ ውስጥ ጨመረውና «ይዘኸው ሂድ። ሥራ ይሠራል» አለኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ውሃ የሞላ ማሰሮ ይዞ መጣ።

«ወንዝ ድረስ አትውረድ። እዚሁ አመጣሁልህ» አለ፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«ምሳ አለ ወይ?» አልሁት።

የሰማውን ያላመነ መሰለኝ። «የገብስ ቂጣ ነው ያለ።»

«እንግዲያው ለምሳ ነው የምታጠበው፣ አፍስስልኝ።»

አፈሰሰልኝ። አባታችን ሆይ አልሁ፣ የዕለት እንጀራችንን ሳልዘልል፣ እስከ መጨረሻው። እንደ ገና ደገምሁ። ሁለተኛው አሜን ላይ እጄን ከውሃው አወጣሁ። ማሰሮውን ዘንበል እንዳደረገ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እሱም ይቆጥር ነበር።

«ልጨምር?» አለኝ።

«ሁለት ይበቃል» አልሁትና ቂጣው ወደ ቀረበበት ገባሁ።